በብርድ ቀን አልከፍት ስለሚል የመኪና ቁልፍ
(በሚኒሶታ የሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የታዘዝኩት ስለ መኪና ቁልፍ ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል። ነገር ግን የዚህ አገር ብርድ ቀልድ አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 በሰሜን ሚኒሶታ ታወር በምትባል ከተማ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 51 ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ አገር መኪናው አልከፍት ያለው ሰው የሚያሰጋው ከሥራ መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ ጣቱና ጆሮው፣ አልፎም ሕይወቱ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ዓመት በጥር ወር ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ሪሞቱን ብጫነው መኪናው ዝም አለኝ። ደግሜ ብጫን፣ ዝም! ጓንቴን አውልቄ ስታገልና ስደውል 40 ደቂቃ ውጭ ቆምኩ። በኋላ ሊረዳኝ የመጣው ሰው ሪሞቱን ተቀብሎ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ነገር ገፋ ሲያደርጋት ከውስጡ የብረት ቁልፍ ወጣ። በዚያው በሩን ከፈተው። ምን ልበላችሁ፣ ለካስ መክፈቻው እጄ ውስጥ ነበር! ሁለቱ ጣቶቼ ዛሬም ብርድ ሲነካቸው ይደነዝዛሉ። ይህ በእናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የቆምኩት።

እንግዲህ በብርድ ጊዜ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው።

1ኛ/ የሪሞቱ ባትሪ። ይህች ክብ ጠፍጣፋ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ብዙዎቹ ሪሞቶች ሲአር 2032 የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ 20ው ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ 32ቱ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ብርድ ሲበረታ ኃይሏ ይደክማል፤ ያረጀች ከሆነች ጭራሹን እምቢ ትላለች። ምልክቱ ሪሞቱ ከቅርብ ካልሆነ አልሠራ ማለቱ ነው። መላው፣ ሪሞቱን ብብት ሥር ወይም ውስጥ ኪስ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ማሞቅና ወደ በሩ ተጠግቶ መሞከር ነው። ትርፉ ሪሞት የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ የመጀመሪያው ሪሞት ነው። ባትሪውን ብርዱ ሳይገባ ለውጡ። የወጣውንም ባትሪ ሕፃናት እንዳያገኙት አደራ! ሕፃን ቢውጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥለው ስለሚችል ወዲያው ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሮጥ ነው።

2ኛ/ የመኪናው ትልቁ ባትሪ። ሁለቱም ሪሞቶች እምቢ ካሉ ይህን ጠርጥሩ። ሙሉ የሆነ ባትሪ መኪናው ቆሞ ሳለ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ሊያልቅ ነው። በብርቱ ብርድ ጉልበቱ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል፤ የሞተሩ ዘይት ደግሞ ወፍሮ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። በሩን በብረት ቁልፉ ክፈቱ። በአንዳንድ መኪና ቀዳዳው በእጀታው ላይ ባለ ክዳን ሥር ተደብቋል። ማንቂያው ቢጮህ አትደንግጡ። ከዚያ በገመድ ከሌላ መኪና ኃይል መበደር ነው፦ ቀዩን ከደከመው ባትሪ ፕላስ፣ ሌላውን ጫፍ ከደህናው ፕላስ፤ ጥቁሩን ከደህናው ማይነስ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ከባትሪው ራቅ ብሎ በደከመው መኪና ሞተር ላይ ካለ ባዶ ብረት። ባትሪው ካበጠ፣ ከተሰነጠቀ ወይም በረዶ ከሠራ ግን ሊፈነዳ ስለሚችል አትንኩት።

3ኛ/ በረዶ። መቆለፊያው ቀጭ ሲል ከተሰማ፣ በሩ ግን ካልተላቀቀ፣ የበሩ ጎማ ተጣብቋል። እጀታውን አትንጠቁት፣ ይሰበራል። በትከሻችሁ በሩን ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ አድርጉት፤ በረዶው ይሰነጠቃል። ሌሎቹንም በሮች ሞክሩ። ሙቅ ውኃ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም፤ መስታወት ይሰነጥቃል፣ ውኃውም መልሶ ይረጋል። ጎማውን አስቀድሞ አድርቆ ሲሊኮን መቀባት ይረዳል።

በሩ ተከፍቶ መኪናው «ቁልፍ የለም» ቢላችሁስ? በብዙ መኪናዎች ሪሞቱ ውስጥ ያለ ባትሪ የሚሠራ ቺፕ አለ። ሪሞቱን ከማስነሻው ቁልፍ ጋር አስጠግቶ መጫን ነው። ቦታው በሌላ በኩል ከሆነ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይነግራችኋል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ከእነዚህ መኪናዎች የብዙዎቹ ሞተር ሪሞቱን ይዛችሁ ብትሄዱም ወዲያው አይጠፋም። ስለሆነም በጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም እንኳ፣ መኪና አታሙቁ። ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት፤ ወደ ቤትም ይገባል፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል።

በመጨረሻም የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ነገ በቀን ብርሃን የብረት ቁልፉን ከሪሞቱ አውጡ፣ ቀዳዳውን ፈልጉ፣ በሩን አንዴ ክፈቱበት። ልጆቻችሁንም አሳዩአቸው። ችግር ሲገጥማችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ቤት ግቡ፣ ከዚያ ደውሉ። ነፋስ ሲጨመርበት ያልተሸፈነ ቆዳ ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በብርድ ሊጎዳ ይችላል። ጎረቤታችሁ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ በሩን ከፍታችሁ ጥሩት፤ መኪናው ይደርሳል፣ መጀመሪያ ሰውዬው ይሙቅ።