ሳያም መመለስ፦ የጉበት ጠባሳ ባለባቸው ሕሙማን ካንሰርን በጊዜ ስለ መለየት



ንግግሬን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከዓመታት በፊት በአቃቂ ቃሊቲ ስሠራ፣ በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ጭነታቸው ቃሊቲ ጉምሩክ እስኪፈተሽ ድረስ ወደ እኔ ብቅ አሉ። ሄፓታይተስ ቢ ጉበታቸውን በጠባሳ ሞልቶት፣ ሲሮሲስ ወደምንለው ደረጃ አድርሶት ነበር። በአልትራሳውንድ ዕጢ አልታየም። መድኃኒት አዘዝሁላቸውና «ሲያምዎት ብቅ ይበሉ» ብዬ አሰናበትኋቸው። እርሳቸውም ቃሌን አክብረው፣ እስኪያማቸው ድረስ አልመጡም። ከ14 ወራት በኋላ ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ ሲመለሱ፣ ካንሰሩ ወደ ጉበት የሚገባውን ትልቁን ደም ሥር ዘግቶት ነበር።

ስሕተቱ ያለው በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። በጉበት ሕመም የሚሰማው ሽፋኑ እንጂ ውስጡ አይደለም፤ ስለዚህ ካንሰሩ ሲጀምር ዝም ይላል። ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» የሚለው ቢጫነትም በአብዛኛው የሚታየው ነገሩ ከገፋ በኋላ ነው።

እንግዲህ የሲሮሲስ ሕመምተኛ ቀጠሮ የሚወሰነው በሕመም ሳይሆን በየ6 ወሩ ነው፤ መስከረም የታየ መጋቢት ይመለሳል። ትንሽ የጉበት ካንሰር መጠኑን እጥፍ ለማድረግ ከ4 እስከ 6 ወራት ገደማ ይፈጅበታልና። በየቀጠሮው አልትራሳውንድ ይታያል፤ የአልፋ ፌቶፕሮቲን የደም ምርመራም ይታከላል፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ሊይዘው ይችላል። ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነጥብ ከ3 እስከ 6 ወራት ባለው ጊዜ ይደገማል፤ 1 ሴንቲ ሜትር ከሞላ ወይም የደም ምርመራው 20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከደረሰ ግን በቀለም የታገዘ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ጤናማው ጉበት አብዛኛውን ደሙን ከአንጀት ከሚመጣው ደም ሥር ሲያገኝ፣ ካንሰሩ የሚመገበው ከደም ቅዳ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ ሲገባ ቀድሞ ይደምቃል፣ ቀድሞም ይደበዝዛል።

ትንሽ ሳለ የተገኘ ካንሰር በቀዶ ጥገና ሊወጣ ወይም በሙቀት ሊጠፋ ይችላል። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ በፋብሪካና በመሪ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ክትባቱ አልደረሳቸውም። እነርሱ ወደ እናንተ ይመጣሉ።

«ሲያምዎት» አትበሏቸው። የሚመለሱበትን ቀን ከጉዟቸው ጋር አስማምታችሁ ጻፉላቸው፤ ቀኑ ካለፈም ደውሉላቸው። እኔ አልደወልሁም።