የሶፍትዌርን ዓላማ በፊልም ስለ ማስረዳት



ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ አሳቡን በንድፍና በትንሽ ሞዴል ያስረዳል። የሶፍትዌር መሐንዲስ ግን የሚያስጨብጠው አካል የለውም፤ ሥራው የሚታወቀው ሲንቀሳቀስ ነው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳልና፣ የታሰበውን ፕሮግራም ለገንዘብ ሰጪውም ሆነ ለተጠቃሚው ለማስረዳት ከብዙ ገጽ ጽሑፍ ይልቅ አጭር ፊልም ያገለግላል። ይሁን እንጂ ፊልም ያለውንም የሌለውንም አስመስሎ ማሳየት ስለሚችል፣ ታላቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ሦስት ምሳሌዎች ይህን ያስረዳሉ።

ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ 1,000 በሚሆኑ ባለሙያዎች ፊት ለ90 ደቂቃ ባቀረቡት ማሳያ፣ ማውስን፣ እርስ በርሱ የተያያዘ ጽሑፍን፣ እንዲሁም በሜንሎ ፓርክ ከነበሩ ባልደረቦቻቸው ጋር በምስል መነጋገርን አሳዩ። ትዕይንቱ በፊልም ተቀርጾ ዛሬም ይታያል። ለተመልካቹ የቀረበው በእርግጥ የሚሠራ መሣሪያ ነበር።

በ1987 አፕል ኩባንያ ያወጣው «ኖውሌጅ ናቪጌተር» የተባለው ፊልም ግን ከዚህ ይለያል። በፊልሙ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር እንደ መጽሐፍ ከሚታጠፍ ኮምፒዩተር ጋር በቃል ሲነጋገር ይታያል። መሣሪያው በጊዜው አልነበረም፤ የታየው በተዋንያን የቀረበ ምኞት ነበር። እንዲህ ያለው ፊልም የሩቁን አቅጣጫ ያመለክታል እንጂ የሥራ ዕቅድ ሊሆን አይችልም።

ድሩ ሂውስተን ደግሞ በ2008 ድሮፕቦክስ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ በአንድ ኮምፒዩተር የተቀመጠ ፋይል በሌላው ሲገኝ የሚያሳይ የጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ አቀረቡ። እርሳቸው እንደገለጹት፣ የተጠባባቂዎች ቁጥር በአንድ ሌሊት ከ5,000 ወደ 75,000 ከፍ አለ። በቃል ለማስረዳት አስቸጋሪ የነበረው ጥቅም በዓይን ሲታይ ግልጽ ሆነ።

እንግዲህ ፊልም የሚያዘጋጅ የሥራ ቡድን አንድ ተጠቃሚ አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲፈጽም ያሳይ። ተሠርቶ ያለቀውንና ገና የታሰበውን በተራኪው ቃል ይለይ፤ የተቀረጸበትንም ቀን ይጻፍበት። ከሁሉ አስቀድሞ ፊልሙን ፕሮግራሙን ለሚጽፉት ባለሙያዎች ያሳይ። ገንዘብ ሰጪው ምኞቱን እንደ ተፈጸመ ሥራ ቆጥሮ የማስረከቢያ ቀን የወሰነ እንደሆነ፣ ዕዳው የሚወድቀው በእነርሱ ላይ ነውና።