ውድ የሆነው በረራው ነው፣ መጽሐፉ ግን ነፃ ነው
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እዚህ አሜሪካ ካለን እናቶች መካከል “ልጄ ፓይለት መሆን ትፈልጋለች፤ እኛ ግን አቅሙ የለንም” የሚሉ አሉ። ልጄ ይህንኑ ትምህርት እየተማረች ስለሆነ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የበረራ ሰዓት ውድ ነው፤ እውነት ነው። መጽሐፉ ግን ነፃ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የማስተማሪያ መጻሕፍቱን በድረ ገጹ ላይ ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ያስቀምጣል። “ፓይለትስ ሀንድቡክ ኦፍ ኤሮናውቲካል ኖውሌጅ” ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ሞተር፣ ስለ ካርታ ያስተምራል። “ኤርፕሌን ፍላይንግ ሀንድቡክ” ደግሞ መነሣትን፣ መዞርንና ማረፍን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ፈታኙ የሚመዝንበት መስፈርት እንኳ ታትሞ በነፃ ይገኛል።

አንዲት ልጅ በ16 ዓመቷ ብቻዋን መብረር፣ በ17 ዓመቷ የግል አብራሪ ፈቃድ ማግኘት ትችላለች። በተለመደው መንገድ ለፈቃዱ ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 20ው ከአስተማሪ ጋር፣ 10ሩ ብቻዋን ነው። ብዙ ተማሪዎች ግን ከ40 በላይ ይፈጅባቸዋል። የጽሑፍ ፈተናው 60 ጥያቄ ሲሆን ማለፊያው 70 በመቶ ነው።

ልጄ በምትማርበት ቦታ ሒሳቡ የሚቆጠረው ሞተር ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ቁልፍ ስትፈልግ የሚያልፈው ጊዜም ይከፈልበታል። ስለዚህ የአውሮፕላኑን የመሣሪያ ሰሌዳ ፎቶ በትልቁ አሳትመን ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍንላት። ወንበር ስባ ትቀመጥና ቼክሊስቱን ጮክ ብላ እያነበበች እጇን በየቁልፉ ላይ ታሳርፋለች። ይህ ልምምድ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። አስተማሪዋን አይተካም፤ ከእሱ ጋር የምታሳልፈውን ውድ ሰዓት ግን ለበረራው ብቻ እንድታውለው ያደርጋል። መጽሐፉ አዲሱ እትም መሆኑን ማረጋገጥ አትርሱ፤ ደንቡ ይለወጣል።

ለእኛ የሚሆነው ደግሞ “አቪዬሽን ኢንስትራክተርስ ሀንድቡክ” ነው። የተጻፈው ለበረራ አስተማሪዎች ነው። እዚያ ያለ አንድ ዘዴ አራት እርምጃ አለው፦ መጀመሪያ አስተማሪው እየተናገረ ይሠራል። ቀጥሎ ተማሪዋ ትናገራለች፣ አስተማሪው ይሠራል። ከዚያ ተማሪዋ እየተናገረች ራሷ ትሠራለች። በመጨረሻ ትሠራለች፣ እሱ ይመዝናል። ብዙዎቻችን እንጀራ መጋገር የተማርነው ከመጀመሪያው እርምጃ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ዘለን ነው! በልብስ ስፌት ሥልጠናችን ላይ መሐል ያሉትን ሁለቱን ብንጨምር ጀማሪዎቹ ጨርቅ ከማበላሸታቸው በፊት ስሕተታቸው ከአፋቸው ይሰማል።

መንገዱን ለሴቶች የከፈቱ አሉ። ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት በረራ መማር ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ አምሳለ ጓሉ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። በአሜሪካ በ1929 የተመሠረተው “ናይንቲ ናይንስ” የተባለው የሴት አብራሪዎች ማኅበር የትምህርት ድጋፍ ይሰጣል፤ ልጆቻችን ያመልክቱ።

ደጋፊዎቻችን፣ የአንዲትን ልጅ ሙሉ ሥልጠና እንድትሸፍኑ አልጠይቅም። የፈተና ክፍያ፣ የሕክምና ምርመራ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ በቂ ጅምር ነው። እናቶች ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሻችንን ለጥናት እንክፈት፤ ሻይ ቡናውን እኔ አመጣለሁ።