ስለ ቴሌቪዥን አንቴናና ስለ ሠፈራችን ዳገት
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር)



የአንቴና ነገር በዛሬው ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ የጠየቃችሁት እናንተው ናችሁ። ምክንያቱንም ታውቁታላችሁ። ባለፈው ክረምት ከወንዙ አጠገብ ካሉት ቤቶች በአንዱ ምስል አልገባ ቢል፣ በአጠናው ላይ ሌላ አጠና ተቀጥሎ ቆመ። ነፋስ መጣና ጣለው። የወደቀው ከመብራቱ ሽቦ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው። ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይገኝም። ስለዚህ ለሕይወታችንም ለገንዘባችንም ስንል መነጋገር አለብን።

የምናገረው በአጭሩ ይሄ ነው፦ ተራራን በአጠና መብለጥ አይቻልም። የሚቻለው ተራራው የማይከልለውን ቦታ መፈለግ ነው።

አንደኛ፣ ምስሉ ከየት ነው የሚመጣው?

በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሲጀመር ስቱዲዮው በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ማሰራጫ ግን ከፍታ ይፈልጋል። የፉሪ ማሰራጫ ጣቢያ በተራራ ላይ የተሠራውም ለዚህ ነው። ኮልፌ ቆመን ስናይ እንጦጦ በሰሜን፣ ወጨጫ በምዕራብ፣ ፉሪ ደግሞ በደቡብ በኩል ነው። እንግዲህ የፉሪን ሞገድ የሚፈልግ አንቴና ፊቱ ወደ ደቡብ መሆን አለበት። ፊቱ የሚባለው አጫጭሮቹ ዘንጎች ያሉበት ጫፍ ነው። በሠፈራችን ግን ወደ እንጦጦ የዞረ አንቴና አይቻለሁ።

ሞገዱ የሚሄደው እንደ ብርሃን ነው ማለት ይቻላል። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ወንዙ ዳር ያለው ቤት ቀድሞ ይጨልማል፤ ጉብታው ላይ ያለው ግን ገና ብርሃን አለው። የቴሌቪዥን ሞገድም እንደዚሁ ነው። ከጉብታው ጀርባ ያለ ቤት በጥላ ውስጥ ነው። ቪኤችኤፍ የሚባለው ሞገድ ረዘም ያለ ስለሆነ ጉብታውን ትንሽ ጎንበስ ብሎ ያልፋል፤ ዩኤችኤፍ የሚባለው አጭሩ ግን ብዙም አይታጠፍም። ስለዚህ በአንድ ቤት አንዱ ጣቢያ ገብቶ ሌላው ቢቀር ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሕመሙን ከምልክቱ እንወቅ።

ምስሉ ላይ ነጭ ብናኝ የሚበዛ ከሆነ የሚደርሰው ሞገድ ደካማ ነው። ምስሉ ድርብ ከሆነ፣ ማለት ከሰውየው ጎን ሌላ ጥላ ሰው ከቆመ፣ ሞገዱ ሁለት ጊዜ ደርሷል፤ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ተራራ ወይም ፎቅ መትቶ ተመልሶ። ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር በሆነ ስክሪን ላይ ጥላው 1 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የዞረው ሞገድ ወደ 300 ሜትር ያህል ትርፍ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። በዚህ ስሌት የመታው ነገር ቅርብ ይሁን ሩቅ መገመት ይቻላል። ለድርብ ምስል መድኃኒቱ አጠና ማስረዘም አይደለም፤ አንቴናውን ትንሽ ትንሽ እያዞሩ የሚመለሰውን ሞገድ ወደ ጎን መተው ነው። ዲጂታል ከሆነ ደግሞ ብናኝም ጥላም የለም፤ ምስሉ አራት ማዕዘን እየሆነ ይቆራረጣል፣ ይቆማል፣ ከዚያም ጭራሽ ይጠፋል።

ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚበላሽ ከሆነ ግን ተራራውን አትውቀሱት። ገመዱ የተቀጠለበት ቦታ ውኃ ገብቶበታል።

ሦስተኛ፣ ከዋጋ ቢሱ እንጀምር።

አንደኛው ሥራ ጎረቤትን መጠየቅ ነው። የእሱም ከጠፋ ጥፋቱ ከጣቢያው ሊሆን ይችላልና ጣራ ላይ አትውጡ። ሁለተኛው ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ነው። የዛገውን ጫፍ ቆርጦ እንደገና መላጥ፣ ቅጥሉን በፕላስተር አጥብቆ መጠቅለል ያስፈልጋል። ሦስተኛው ቦታ መቀየር ነው። አንቴናውን ከመትከላችሁ በፊት በእጅ ይዛችሁ በግቢው ውስጥ ዙሩ። በጥላ ውስጥ ያለ ሞገድ ቦታ ቦታ ይመርጣል፤ ሁለትና ሦስት ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት አንዳንዴ ከረጅም አጠና ይበልጣል። አንዱ ውጭ ሆኖ «አሁንስ?» እያለ፣ አንዱ ከውስጥ «ተሻለ፣ ተበላሸ» እያለ የምናደርገው የቆየ ልማድ ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ ብቻ ጣራ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ይጀመር። ከቆርቆሮው ጋር የተጠጋ አንቴናም ሞገዱ ይረበሽበታል፤ ከጣራው ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ይበል።

ማጉያ ወይም ቡስተር የሚገዛው በመጨረሻ ነው። ቡስተር የሌለውን አያመጣም፤ ብናኙንም አብሮ ያጎላዋል። የሚጠቅመውም ላይ አንቴናው አጠገብ ሲታሰር እንጂ ቴሌቪዥኑ ኋላ ሲቀመጥ አይደለም።

አራተኛ፣ ዲሽ ለምን ይሻላል?

ዲሽ የሚያየው ወደ ሰማይ ስለሆነ ወጨጫም እንጦጦም አይከልሉትም። ከእኛ ሠፈር በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ሳተላይት ወደ ምሥራቅ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ብሎ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ያለ ነው። በ7 ዲግሪ ምዕራብ ያለው ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ 37 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ዲሽን የሚከልለው የራሳችን ባሕር ዛፍና የጎረቤት ፎቅ ነው። ለናይልሳት ከዲሹ በ3 ሜትር የሚበልጥ ግድግዳ ወይም ዛፍ ፊት ለፊቱ ካለ፣ ዲሹ ቢያንስ 4 ሜትር ይራቅ። በ57 ዲግሪ ላለው ግን አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል። በገደሉ ውስጥ ያላችሁ ቤተሰቦች እንግዲህ አጠና ከመቀጠል ይሄን አስቡበት።

አምስተኛ፣ ዋናው ጉዳይ።

አጠና ተራ ቅርባችን ነውና አጠና አይቸግረንም፤ የሚቸግረን ሰው ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ «እንጨት ነው» ብሎ መተማመን የለም። ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ ሽቦው ጋ እንዳይደርስ፣ ከመብራቱ መስመር ያለው ርቀት ከምሰሶው ርዝመት ይበልጥ። በዝናብና በነፋስ ማንም ጣራ ላይ አይውጣ፤ ልጆችን አትላኩ። የአንቴናውን ገመድ መብረቅ ከመጀመሩ በፊት ንቀሉ፤ ከጀመረ በኋላ ግን ገመዱንም አንቴናውንም አትንኩ። ሰው በኤሌክትሪክ ከተያዘ ደግሞ በእጅ አይጎተት፤ መጀመሪያ መብራቱ ይጥፋ።

በመጨረሻ ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ አለ። በገደሉ በኩል ያሉት ቤቶች እያንዳንዳቸው ምሰሶ ከሚያቆሙ፣ ጉብታው ላይ ካሉት አባላት አንዱ ቦታ ቢፈቅዱላቸው በጋራ አንድ አንቴና ቢተከል ይሻላል። ገመዱ ግን ከ50 ሜትር ሲያልፍ ሞገዱ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ርቀቱ አስቀድሞ ይለካ፤ ገመዱም በሰው ጣራ ላይ የሚያልፈው ባለቤቱን አስፈቅዶ ይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በዚህ የምትስማሙ አባላት ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ሽቦ አጠገብ የቆሙትንም ምሰሶዎች ክረምት ሳይገባ ተባብረን እናንሳ።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ኮልፌ