የካምሻፍትና የታፔት ምርጫ በደጋ ከተማ



ሰንጋ ተራ ስሙ የከብት ገበያ ስም ነው። ከብት የሚያውቅ ገዥ ለእርድ የሚሆነውን ሰንጋ ለእርሻ ከሚሆነው በሬ ለይቶ ይመርጣል፤ ቀንዱ ያማረ ሁሉ ቀንበር አይችልምና። ዛሬ በዚያው ሰፈር መንገዱን የሞላው ተሽከርካሪ ነው። ይሁን እንጂ የጥንቱ ገዥ ጥያቄ አልተሻረም። «የሞተሬ ኃይል ይጨመርልኝ» ብሎ ወደ ጋራዥ የሚመጣ ባለመኪና፣ ጉዳዩን የሚቀበለውም ባለሙያ፣ አንድ ብሎን ከመፈታቱ በፊት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባቸዋል። ኃይሉ የሚፈለገው ለምን ሥራ ነው? ሞተሩ የሚሠራው በየትኛው የአየር ግፊት ውስጥ ነው? ከተሠራ በኋላስ በማን እጅ ይጠበቃል? የዚህ ንግግር ዓላማ የካምሻፍትና የታፔት ምርጫ ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሚወለድ እንጂ ከውጭ አገር የዕቃ ዝርዝር የሚገለበጥ አለመሆኑን ማሳየት ነው።

በአራት ምት ሞተር ውስጥ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሠራ እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፣ 50 ጊዜም ይዘጋል ማለት ነው። ቫልቩ መቼ እንደሚከፈት፣ ምን ያህል እንደሚነሣና ስንት ዲግሪ ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ የሚወስነው የካምሻፍቱ ጉብታ ቅርጽ ነው። ቫልቩን ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት የሚያደርግ ጉብታ በከፍተኛ ዙር ላይ ሲሊንደሩ አብልጦ እንዲሞላ ይረዳል። ለዚህ ትርፍ ግን ዋጋ ይከፈልበታል፤ ዋጋውም የሚከፈለው በዝቅተኛ ዙር ነው።

ይህ ዋጋ በአዲስ አበባ ከፍ ያለ ነው። የከተማዋ መካከል ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ምክንያት ገና ከመነሻው ከኃይሉ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ከዚህ ላይ ለውድድር የተቀረጸ ካምሻፍት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ለመረዳት በከተማችን መንገድ ለረጅም ዘመን ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ ሕዝብ ያመላለሰውን ላዳን መመልከት ይበቃል።

ላዳ የፊያት 124 ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በሶቪየት ኅብረት መመረት ሲጀምር ግን የፊያቱ ሞተር እንዳለ አልተወሰደም፤ በብሎኩ ውስጥ የነበረው ካምሻፍት ወደ ቴስታታው ወጣ። ፋብሪካው ባወጣው ልክ መሠረት የአየር መሳቢያው ቫልቭ የሚዘጋው ፒስተኑ የታችኛውን ጫፍ አልፎ ክራንክሻፍቱ 40 ዲግሪ ከዞረ በኋላ ነው። 80 ሚሊሜትር የፒስተን ጉዞ ባለው የላዳ ሞተር ላይ ሲሰላ፣ በዚያ ቅጽበት ለመጭመቅ የሚቀረው ጉዞ 73 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በመጽሐፉ 8.5 ተብሎ የተጻፈው የኮምፕሬሽን ምጣኔ በተግባር 7.85 ገደማ ይሆናል። የመሳቢያውን ቫልቭ እስከ 70 ዲግሪ ክፍት የሚያቆይ የውድድር ካምሻፍት ቢገባበት ግን የሚቀረው ጉዞ ወደ 59 ሚሊሜትር፣ ምጣኔውም ወደ 6.5 ያሽቆለቁላል። አስቀድሞ በሳሳው አየር ላይ ይህ ሲታከልበት፣ ከ3,000 ዙር በታች የሚውለው የከተማ መኪና ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቤንዚንም ያባክናል። ባለመኪናው ኃይል ገዝቶ ድካም ተረከበ ማለት ነው።

«እንግዲያው ቴስታታውን ልጠን ኮምፕሬሽኑን እናሳድግ» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የጠፋውን ለመመለስ ምጣኔውን ወደ 10.3 ማድረስ ያስፈልጋል። ነገር ግን መኪናው ሁልጊዜ በደጋ አይኖርም። ከሰንጋ ተራ ተነሥቶ አዳማ ሲደርስ ከ600 ሜትር በላይ ወርዷል፤ አዋሽ ሲደርስ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ በወፈረ መጠን የመንኳኳት አደጋ ይጨምራል፤ በአዲስ አበባ በጸጥታ ሲሠራ የነበረው ሞተር በቆላ ሙቀት ፒስተኑን ሊበሳ ይችላል። በመሆኑም ለመንገድ አገልግሎት የሚበጀው፣ ቫልቩን አብልጦ የሚያነሣ ነገር ግን መሳቢያውን ብዙም ሳያዘገይ የሚዘጋ ካምሻፍት፣ ከመጠነኛ የኮምፕሬሽን ጭማሪ ጋር ነው። ረጅሙ ካምሻፍት የሚገባው ሥራው በእርግጥ በከፍተኛ ዙር ለሆነ ሞተር ብቻ ነው።

የካምሻፍቱ ቅርጽ ከተወሰነ በኋላ ጉብታውን የሚከተለው ታፔት ይመረጣል። ጠፍጣፋው ታፔት ርካሽና ቀላል ነው። በዓይን ጠፍጣፋ ይምሰል እንጂ እግሩ በጥቂቱ የጎበጠ፣ ጉብታውም በጥቂቱ ያዘመመ ነው፤ ታፔቱ እየዞረ እንዲሠራና አንድ ቦታ ብቻ እንዳይበላ የተደረገ ዘዴ ነው። መዞሩን ካቆመ ጉብታው በአጭር ጊዜ ያልቃል። ከዚህም የተነሣ በአሮጌ ካምሻፍት የሠራ ታፔት በአዲስ ካምሻፍት ላይ ፈጽሞ መግጠም አይገባም። ሁለቱ በአንድነት ይለወጣሉ፤ ሞተሩ እንደ ተነሣም ሥራ ፈት እንዲዞር ሳይተው ለ20 ደቂቃ ያህል በ2,000 ዙር አካባቢ ከፍ ዝቅ እያለ ይለማመዳል።

ሃይድሮሊኩ ታፔት በዘይት ግፊት ክፍተቱን ራሱ ስለሚሞላ ጸጥተኛ ነው፤ በየጊዜው ማስተካከልም አያሻውም። ይሁንና ዘይቱ በጊዜው ካልተለወጠ ቀጫጭን መንገዶቹ ይደፈናሉ፤ ዙሩ ከልክ ሲያልፍም ከሚገባው በላይ ተሞልቶ ቫልቩ በሚገባ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ባለ ሮለሩ ታፔት ደግሞ ሰበቃን ስለሚቀንስ፣ ጉብታው ቀጥ ባለ ዳገት እንዲቀረጽና ቫልቩ ቶሎ እንዲከፈት ያስችላል። ለከፍተኛ ኃይል የተመረጠ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ከበድ ያለ በመሆኑ ጠንካራ ስፕሪንግ ይፈልጋል፤ ዋጋውም ውድ ነው፤ አንዲት መርፌ መሰል ኩሽኔታ ብትሰበር ስባሪዋ በሞተሩ ሁሉ ይበተናል።

በላዳው ሞተር ጉብታው የሚንሸራተተው በሮከር ላይ ነው። በብርድ ሞተር 0.15 ሚሊሜትር መሆን የሚገባው ክፍተት በፊለር ጌጅ ሳይታይ ሲቀር፣ ዘይትም ሲጎድል፣ ጉብታው እንደሚበላ ብዙ የታክሲ ባለቤት በኪሳራው ተምሯል። በዚህ ላይ የዘይቱ ነገር ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኤ.ፒ.አይ. ኤስ.ኤም. የተባለው ደረጃ የጭስ ማጣሪያ ካታሊስትን ከጉዳት ለመጠበቅ በቀጫጭን የቤንዚን ሞተር ዘይቶች ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ከ0.08 በመቶ እንዳያልፍ ወስኗል። ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት ገጹን የሚጠብቀው የዚንክና የፎስፎረስ ውሕድ ስለሆነ፣ ለአዲስ መኪና የላቀው ዘይት ለአሮጌው የሚሻል ላይሆን ይችላል። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማንበብ የባለሙያው ግዴታ ነው።

ባልደረቦች፤ ከተግባረ ዕድም ሆነ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ባለሙያ ሊታመንበት የሚገባው አንዱ ነገር፣ እንደ አስፈላጊነቱ «ይህ ለመኪናህ አይሆንም» ማለት መቻሉ ነው። ታክሲ ነጂው የቤተሰቡን እንጀራ በዚያች ሞተር ላይ ጥሏል። የውድድር ካምሻፍት ሸጦ የእጅ ዋጋ መቀበል ቀላል ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን ቤንዚን የጨረሰበት፣ ዳገት ያስቆመው፣ ጉብታው የተበላበት ሰው በጋራዡ በር ይቆማል። ለእርሱ የሚገባው ምክር ብዙ ጊዜ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ የፋብሪካውን ልክ የጠበቀ አዲስ ካምሻፍት ከነሮከሩ፣ የተስተካከለ ክፍተት፣ ተስማሚና ንጹሕ ዘይት፣ እንዲሁም ለሳሳው አየር የተስተካከለ ካርቡራተርና የእሳት ሰዓት። በእርግጥ ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ሲመጣም ሮለሩና ረጅሙ ካምሻፍት ከነወጪያቸውና ከነጥንቃቄያቸው ይነገሩት፤ ስሌቱም በፊቱ በወረቀት ይሠራለት። ውሳኔው ከዚያ በኋላ የባለመኪናው ነው።