የልጆቻችን ጀርባ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ሸክም ጀርባን ምን እንደሚያደርግ ለአዲሱ ገበያ ሴት ማንም አይነግራትም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን እያየን ነው ያደግነው። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ልጆቻችን ጀርባ ነው።

ባለፈው ወር የስድስተኛ ክፍል ልጄ «እማዬ፣ ጀርባዬን አመመኝ» አለችኝ። ቦርሳዋን ሱቅ ወስጄ ባስመዝነው 6 ኪሎ ሆነ። እሷ ራሷ 30 ኪሎ ናት። ባለሙያዎች የሚመክሩት የቦርሳው ክብደት ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ ለእሷ ቢበዛ 4 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ስንፈትሸው የዕለቱ ያልሆኑ መጻሕፍት ሞልተውበታል። አሁን ማታ ማታ በፕሮግራሟ መሠረት አብረን እናዘጋጃለን፤ በሁለቱም ትከሻዋ ታነግተዋለች።

ቦርሳው ቀለለ፤ ሌላው ጥፋት ግን የእኔ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሕፃን ታዝላለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ከዚያ አልጋ ላይ አቀርቅራ ታጠናለች። ወንድሟ ቦርሳውን ወርውሮ ወደ ኳስ ይሮጣል። ሴት ልጅ አንገቷን ስትደፋ ጨዋ ናት እንላለን፤ ጡቷ ሲያጎጠጉጥ አፍራ ትከሻዋን ስትሰበስብ ዝም እንላለን፤ በኋላ «ምነው ጎበጥሽ?» ብለን እንቆጣለን።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለወንዶች ብቻ አላለም። ሱዚ፣ ገመድ ዝላይና አባሮሽ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት፣ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ቤት ይሮጥ ነበር። የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላም ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር እንዳቀፈ ይመስል ነበር። የልጅ አካል የተሸከመውንም የሮጠውንም አይረሳም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የጀርባ አጥንት ወደ ጎን መጣመም ቦርሳ የሚያመጣው አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በኋላ ይታያል፤ በሴቶች ላይ የመባስ ዕድሉም ይበልጣል። ልጃችሁ እግሯን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ ወደፊት ታጎንብስ። ከኋላ ስታዩት የጀርባዋ አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ካለ፣ ወይም ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። በቁጣ የሚቀና ጀርባ የለም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። እኛ እዚህ የቁጠባ ስብሰባ ስንቀመጥ ሴት ልጆቻችን ታናናሾቻቸውን አዝለው ደጅ ይጠብቁናል። ሕፃናቱን እኛ በተራ እንያዝ፤ እነሱ ግቢው ውስጥ ይዝለሉ። ደጋፊዎቻችን ጥቂት ገመድና አንድ ሚዛን ብትገዙልን ይበቃናል።