አንድ ጥፋት፥ ሁለት ሚዛን
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ዘፈን ለመምህራን ጉባኤ የሚገባ ርእስ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ተማሪዎቻችን ከክፍል ወጥተው የሚሰሙት ዘፈን ስለ ወንድና ስለ ሴት ጠባይ የሚያስተምራቸው ነገር እኛ በሰሌዳ ላይ ከምንጽፍላቸው የሚያንስ አይደለም። ስለዚህ ዘፈን ሁለቱን በምን ሚዛን እንደሚመዝናቸው መመርመር የሥራችን ክፍል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1952 በአሜሪካ አገር ሃንክ ቶምፕሰን የተባለ ዘፋኝ ትዳሯን ትታ ወደ መሸታ ቤት የሄደችን ሴት የሚወቅስ ዘፈን አወጣ። ዘፈኑም እጅግ ተወደደ፤ በአገረሰብ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ 15 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቈየ። በዚያው ዓመት ኪቲ ዌልስ የተባለች የልጆች እናት የመልስ ዘፈን አሰማች። የመልሷም ፍሬ ነገር፥ ሴቲቱ ብቻዋን አልሳተችም፤ ሚስት እያለው እንደ ላጤ የሚዞረው ወንድ ከጥፋቱ ድርሻ አለው የሚል ነበር። ይህ ከማንም የተሰወረ እውነት አልነበረም። ሆኖም ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የራዲዮ ድርጅት የእርሷ ዘፈን እንዳይተላለፍ ከለከለ። ሕዝቡ ግን ወደደው፤ ኪቲ ዌልስም በዚያ ሰንጠረዥ ብቻዋን ዘፍና አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆነች።

ደግሞም በ1965 ኦቲስ ሬዲንግ «ሪስፔክት» በሚለው ዘፈኑ፥ ሠርቶ ገንዘብ የሚያመጣ ወንድ ወደ ቤቱ ሲመለስ ክብር እንዲሰጠው ጠየቀ። በ1967 አሬታ ፍራንክሊን ይህንኑ ዘፈን ጥቂት ለውጣና ጨምራ ዘፈነችው። ከወንድ አፍ ሲወጣ የአባወራ ተራ ጥያቄ የነበረው ነገር ከሴት አፍ ሲወጣ የመብት ጥያቄ ሆኖ ተሰማ። በ2019 ደግሞ ቴይለር ስዊፍት «ዘ ማን» በተባለው ዘፈኗ፥ ይህንኑ ሥራዬን ወንድ ሆኜ ብሠራው ኖሮ እንዴት በተመሰገንሁ ነበር ብላ ጠየቀች። በመካከሉ 67 ዓመት አልፏል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ወንዱ ተማሪ ደፍሮ ሲከራከር «ይህ ልጅ ወደፊት ጠበቃ ይወጣዋል» እንላለን፤ ልጃገረዲቱ ስትከራከር «ምላሷ ረዘመ» እንላለን። ሁለቱ አብረው ሲታዩ ወሬው የሚከተለው እርሷን ነው። ከዚህም የሚከብድ አለ። በታንዛኒያ፥ በ2017 ፕሬዚዳንት ጆን ማጉፉሊ፥ የወለደች ልጃገረድ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እንደማትመለስ በአደባባይ ተናገሩ። ክልከላው የተነሣው በ2021 መጨረሻ ገደማ ነው። ተማሪ ያስረገዘ ሰው በእስራት እንዲቀጣ ሕጉ ቢያዝም፥ በእርሱ ላይ ምስክርና ማስረጃ ይፈለጋል፤ በእርሷ ላይ ግን የገዛ ሆዷ ይመሰክርባታል። ስለዚህ ፍርዱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው በእርሷ ላይ ነው፤ የሚቋረጠውም የእርሷ ትምህርት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ ተማሪን ከመገሠጻችን በፊት «ይህን ያደረገው ወንድ ቢሆን ይህንኑ እለው ነበርን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ሁለተኛ፥ ተማሪዎቻችን የሚወዱትን ዘፈን በክፍል አቅርበን፥ ማን እንደተወቀሰና ማን እንደታለፈ ራሳቸው እየመረመሩ ይከራከሩበት። ሦስተኛ፥ ወልዳ የተመለሰችውን ልጅ በስሟ ጠርተን በወንበሯ እናስቀምጣት፤ የሚዘብትባት ቢኖር እርሱን እንገሥጽ።

ወንዶች መምህራን ሆይ፥ ይህ የሴቶች ጕዳይ ነው ብለን አንለፈው። ኪቲ ዌልስ የዘፈነችውን የመልስ ዘፈን የደረሰው ጄ. ዲ. ሚለር የተባለ ወንድ ነበረ። የተዛባን ሚዛን ማቃናት ሚዛኑን በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ ግዴታ ነው፤ በትምህርት ቤት ደግሞ ሚዛኑ በእጃችን ነው።